ለመምህር የምናቀርበው ምስጋና፤ ችሮታ ነውን ወይስ ዕዳ?



ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሌላ ያልተቀበለው ነገር የለውም። ሥጋውን ከአባቱና ከእናቱ፥ የእግዚአብሔር ልጅነትን ከቤተ ክርስቲያን፥ ፊደልን ደግሞ ከመምህሩ ይቀበላል። አባት እናቱን ያልጦረ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ይታማል፤ ከቤተ ክርስቲያን የራቀውንም ሰው ቢያንስ የገዛ ኅሊናው ይወቅሰዋል። መምህሩን የዘነጋውን ሰው ግን የሚወቅሰው የለም። እርሱ ራሱም ቢሆን አንድ ነገር እንደ ጐደለበት አያውቅም። ደብዳቤ ሲያነብ፥ ሒሳብ ሲያሰላ፥ ስሙን ሲፈርም፥ ይህን ሁሉ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የወጣ ይመስለዋልና።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን አንድ ጥያቄ ልናነሣ ወደድን። ለመምህር የምናቀርበው ምስጋና ደስ ባለን ጊዜ የምንሰጠው ችሮታ ነውን? ወይስ ባንከፍለው የምንጠየቅበት ዕዳ ነው? ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይምሰለን። ችሮታ ያልሰጠ ሰው ቢበዛ ንፉግ ይባላል፤ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ግን በዳይ ነው። ነገሩ ችሮታ ከሆነ መምህራንን ማሰብ የደጋግ ሰዎች ፈንታ ሆኖ ይቀራል፤ ዕዳ ከሆነ ግን ከመካከላችን ከበደል ነጻ የሚሆነው ሰው ጥቂት ነው።

ጥያቄውንም ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከለቅሶ ቤት ነው።

በለቅሶ ቤት የተጠየቅነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጡረታ ላይ የነበሩ አንድ የትምህርት ቤት መምህር ዐርፈው ለፍትሐት ተጠራን። ዕድሜያቸውን ሁሉ በታናናሾቹ ክፍሎች ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። በዚያች ቀን ሰው ከየአገሩ መጣ። ሐኪሙም፥ ነጋዴውም፥ ዳኛውም፥ የጦር መኰንኑም «እኔን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው» ይል ነበር። እኛም በተራችን ተነሥተን ስለ መምህርነት ክብር አስተማርን፤ ሕዝቡም አለቀሰ።

ከቀብር በኋላ ባለቤታቸውን ለማጽናናት ከአጠገባቸው ብንቀመጥ፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «አባቴ፥ ይህ ሁሉ ሰው የእሳቸው ተማሪ ነበረ? እንግዲያስ ባለፈው ክረምት ጣራችን ሲያፈስ፥ እሳቸውም ታመው ተኝተው በር በሩን ሲመለከቱ፥ ይህ ሁሉ ሰው ወዴት ነበረ?»

መልስ አጣን። ከተማሪዎቻቸው አንዱ እኛ ነበርንና። ወደምናገለግልበት ደብር ስንሄድ የምናልፈው በቤታቸው አጠገብ ነበር። መታመማቸውንም ሰምተናል። ነገር ግን «ዛሬ ቸኵለናል፤ ለበዓል እንጠይቃቸዋለን» እያልን በዓል በበዓል ላይ አለፈ። በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን ገብተን ጉልበታቸውን ያልሳምናቸውን መምህር፥ ከሞቱ በኋላ በዐደባባይ አመሰገንናቸው። ያገራችን ሰው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ተረት ያን ጊዜ ስለ እኛ የተነገረ ሆኖ ተሰማን።

እኒህ መምህር ማን እንደ ነበሩ ጥቂት መናገር ይገባናል፤ ነገሩ የሚገለጠው በዚያ ነውና።

ወደ ሰፈራችን የመጡት እኛ ፊደል ቆጥረን፥ ንባብ ለይተን፥ ዳዊት መድገም በጀመርንበት ጊዜ ነበር። የኔታ ዐይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ካለችው የወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሃያ ሠላሳ የምንሆነውን ልጆች በድምፃችን ብቻ ለይተው ያውቁን ነበር። አንዱ ልጅ አንዲት ቃል ቢስት፥ ሌሎቹ ሁሉ በየገጻቸው እየጮኹ ሳለ፥ የሳተውን በስሙ ጠርተው ያርሙታል። መጽሐፉ በዐይናቸው ባይሆንም በልባቸው ነበረ። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። እንጨት እንለቅምላቸዋለን፥ ውኃ እንቀዳላቸዋለን፤ ወላጆቻችንም በአዝመራ ጊዜ እህል ይሰፍሩላቸዋል። ከዚህ በቀር ዋጋቸው በእግዚአብሔር ዘንድ ነበረ።

መንግሥት አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፍት እኒያ ወጣት መምህር ተመድበው መጡ። የሰፈሩ ሽማግሎች «አስኳላ ልጆቻችንን ከሃይማኖት ያወጣብናል» ብለው ፈሩ። ቤት የሚያከራያቸው ሰው እንኳ ለማግኘት ብዙ ተቸገሩ። እኛ ልጆቹም ጧት ከየኔታ ዘንድ፥ ከቀትር በኋላ በትምህርት ቤት ስንውል፥ ሁለቱ መምህራን የተጣሉ ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን በሒሳብ ትምህርት ወደ ሰሌዳ ተጠራን። የተማርነው የግእዙን ቍጥር ስለ ነበረ መልሱን በግእዝ ጻፍነው። ክፍሉ በሙሉ ሣቀብን። መምህራችን ግን አልሣቁም። ጠመኔውን ተቀብለው ከእኛ ቍጥር አጠገብ ሌላውን ቍጥር ጻፉና ለክፍሉ እንዲህ ሲሉ አስረዱ፤ «ይህ ልጅ የጻፈው ስሕተት አይደለም። የአባቶቻችን ቍጥር ነው። ነገር ግን የግእዝ ቍጥር ዜሮ የሚባል ምልክት የለውም። ስለዚህ ዘመንና ምዕራፍ ለመጻፍ ሲመች፥ በጽሑፍ ለማባዛትና ለማካፈል ያስቸግራል። ሁለቱንም ያወቀ ሰው ከእናንተ ይበልጣል።» ከዚያች ቀን ጀምሮ ሒሳብን ወደድን። እርሳቸው በዚያች ቅጽበት ቢሥቁ ኖሮ ግን ከትምህርት ቤቱ ወጥተን እንቀር እንደ ነበር ዛሬ እናውቀዋለን።

ሌላም ነገር እናስታውሳለን። መምህራችን ደመወዛቸውን በተቀበሉ ቍጥር ግማሽ ኪሎ ቡና በወረቀት ጠቅልለው ወደ ወይራዋ ሥር ይመጡና ለየኔታ ሰጥተው፥ ጉልበት ስመው፥ ጥቂት ተቀምጠው ይሄዱ ነበር። የኔታም አንድ ቀን «ልጄ፥ እኔ አንተን አላስተማርኩህ፤ ስለ ምን ታመጣልኛለህ?» ብለው ቢጠይቋቸው፥ «የኔታ፥ እኔን ሀ ሁ ያሉኝ አባት ሞተዋል። ለእሳቸው የምሰጠውን ለእርስዎ ነው የሰጠሁ» ብለው መለሱ። እኛ በአጠገባቸው ተቀምጠን ዳዊታችንን እያጠናን ሰማን። ከእኒያ መምህር ሒሳቡን ተማርን፤ የምድርን ክፍልና የወንዞችን ስም ተማርን፤ ያን ቡና ግን ሳንማረው ቀረን።

የመምህር ድካም ስለ ምን አይታይም?

የገበሬ ድካም በጐተራው ይታያል። የግንበኛ ድካም በቆመው ቤት ይታያል። ሸማኔ የሠራውን ጋቢ ባለቤቱ ለብሶት ይሄዳል። የመምህር ድካም ግን በተሳካ መጠን ይሰወራል። ልጁ ማንበብ ሲያውቅ ያላወቀበትን ጊዜ ይረሳዋል፤ ያላወቀበትን ጊዜ ሲረሳም ያሳወቀውን ይረሳል። ልጁ ካልተማረ መምህሩ ይወቀሳል፤ ከተማረ ግን «ልጄ ብልህ ነው» ይባላል። በሰኔ ወር የዓመቱ ውጤት ሲሰጥ የቤተ ሰቡን ሁሉ ሁኔታ ተመልከቱ። ልጁ ይሳማል፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይቀርባል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ያን ልጅ ይዞ የከረመውን ሰው እጅ ለመንሣት ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመለስ ከስንቱ አንዱ ነው።

ጌታችን 10 ለምጻሞችን ባነጻ ጊዜ ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ እንደ ነበረ፥ እርሱም ሳምራዊ እንደ ነበረ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፏል። የተቀሩት 9 ክፉዎች ነበሩ አይልም። እነርሱም የታዘዙትን ለመፈጸም ወደ ካህናት ይሄዱ ነበር። ያገኙት ጤና ወደፊት ስለ ወሰዳቸው ወደ ኋላ መመለስን ዘነጉ። የእኛም በደል ይህን ይመስላል። መምህሩ የሰጠን ዕውቀት ወደፊት ይወስደናል፤ ወደ ኋላ ለመመለስ ጊዜ የለንም እንላለን።

የድካሙን ነገር በቅርብ ያላየ ሰው እንዲህ ይገምት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሁሉ በተዘጉ ጊዜ፥ ብዙ ወላጆች ሁለት ሦስት ልጆቻቸውን በቤታቸው ማስጠናት አቅቷቸው ሲማረሩ ሰምተናል። የገዛ ልጆቻቸው ነበሩ፤ የሚወዷቸው ነበሩ፤ ቍጥራቸውም ሦስት ብቻ ነበረ። መምህሩ ግን ያልወለዳቸውን 50 ወይም 60 ልጆች በአንድ ክፍል ሰብስቦ በየቀኑ ያስተምራል። ከእነርሱ አንዱ ቍርስ ሳይበላ መጥቷል፤ ሌላው ሌሊቱን ከብት ሲጠብቅ አድሮ እንቅልፉ ይጥለዋል፤ አንዱ ፈጥኖ ገብቶት ይሰለቻል፤ ሌላው ሦስት ጊዜ ተነግሮት አልገባውም። መምህሩ ለሁሉም በአንድ ድምፅ ይናገራል፤ ሁሉንም ግን ለየብቻ ማሰብ አለበት። ማታም የ60ውን ልጅ ደብተር ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሌላው ሠራተኛ ከሥራው ሲያርፍ የእርሱ ሥራ ይጀምራል።

ስለ ቅዱስ ያሬድ ስንናገር ዘወትር የምናነሣው ከዛፍ ላይ እየወደቀ እየተነሣ የወጣውን ትል ነው። ሕፃኑ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ተገርፎ ከሸሸ በኋላ፥ ከትሉ ትዕግሥትን ተምሮ እንደ ተመለሰ ትውፊታችን ይነግረናል። ነገር ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ብዙ የማናስተውለው ሌላ ሰው አለ፤ እርሱም መምህሩ ጌዴዎን ነው። ያሬድ ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውስ? «አንተ ስንፍናህን አይቻለሁ፤ ሂድ» ቢባልስ? ጌዴዎን ግን የሸሸውን ልጅ ተቀበለው፤ ከመጀመሪያውም ጀምሮ እንደ ገና አስተማረው። እነሆ ከ6ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በያሬድ ዜማ እናመሰግናለን። ትሉ ያሬድን ወደ ትምህርት መለሰው፤ የተመለሰውን ተቀብሎ ያስተማረው ግን መምህሩ ነው።

ይህ ለሥጋዊ ትምህርትም ይሠራልን?

ምናልባት ከአንባብያን አንዱ እንዲህ ይል ይሆናል፤ «ቅዱሳት መጻሕፍት እንድናከብራቸው የሚያዝዙን የእግዚአብሔርን ቃል የሚያስተምሩትን ነው። ሒሳብና ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

ለዚህ መልሳችን እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፥ ፊደል አንድ ነው። ዳዊት የሚነበብበት ፊደልና የሐኪም ማዘዣ የሚነበብበት ፊደል ሁለት አይደለም። ያነበበውን እንዲያስተውል የረዳው ሰው ሁሉ ለነፍሱም በር ከፍቶለታል። ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ እንደ ተማረ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ተምረው ሃይማኖታቸውን አልለወጡም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ከወዳጁ ከቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጋር በአቴና ከተማ የተማረ ሲሆን፥ በኋላም ለወጣቶች በጻፈው ትምህርት ንብ ከአበባው የሚጠቅማትን ብቻ እንደምትወስድ እነርሱም ከውጭ መጻሕፍት የሚጠቅማቸውን እንዲወስዱ መክሯል።

ሁለተኛ፥ የእኛ የኢትዮጵያውያን ክርስትና ራሱ በመምህር እጅ የመጣ ነው። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ነቢዩን ኢሳይያስን ሲያነብ፥ ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው። እርሱም የሚመራው ሳይኖር ማስተዋል እንደማይቻለው ሳያፍር ተናገረ። ያ ሰው በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ ባለ ሥልጣን ነበረ፤ ነገር ግን በመንገድ ያገኘውን መምህር ከአጠገቡ አስቀመጠው። ከጥምቀቱም በኋላ መንፈስ ፊልጶስን ወሰደው፤ ጃንደረባውም ዳግመኛ አላየውም፤ ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። በዚህ ታሪክ የመምህርነት መልክ በሙሉ ተሥሏል። መምህሩ ይመጣል፤ አጠገብ ይቀመጣል፤ ያስተውሉ ዘንድ ይረዳል፤ ከዚያም ከዐይን ይሰወራል። ተማሪው ግን ደስ እያለው ይሄዳል።

እንዲሁም በ4ኛው ምዕተ ዓመት ፍሬምናጦስ በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገ የባዕድ አገር ወጣት ነበረ፤ በኋላም የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችን ለእርሱ ከሰጠችው ስም አንዱ «ከሳቴ ብርሃን» የሚል ነው። የተደበቀውን ብርሃን የሚገልጥ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ለመምህር የሚስማማ ስም የለም።

የዘመናዊ ትምህርትም ታሪክ ቢሆን ከቤተ ክርስቲያን የተለየ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መጀመሪያ ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ የቅብጥ ክርስቲያኖች ነበሩ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያገለግሉ ነበር፤ ከእነርሱም የሚበዙት የተመደቡት ለማስተማር ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ደግሞ መምህራን ቀን ልጆችን፥ ማታ ወላጆችን ያስተምሩ ነበር። የእኛም መምህር በፋኖስ ብርሃን ሲያስተምሩ፥ እናታችን በእርጅናቸው ዋዜማ ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ከዚያ በኋላ የሰንበቴያቸውን መዝገብ በጣት አሻራ ሳይሆን በፊርማ ይፈርሙ ነበር። በፈረሙ ቍጥርም ጥቂት ፈገግ ይሉ ነበር።

ስለ ሦስት ተቃውሞዎች

ነገሩን በቅንነት ለመመርመር በተቃራኒው የሚባለውንም ልንሰማ ይገባል።

የመጀመሪያው «መምህር ደመወዙን ይቀበላል፤ ዋጋውን ለተቀበለ ሰው ደግሞ ምን ዕዳ አለብን?» የሚል ነው። ደመወዝ ግን የሚለካው በሰዓት ነው። መምህሩ በሰዓቱ ወደ ክፍል እንዲገባ ደመወዙ ያስገድደዋል። ኋላ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ደፋው ልጅ ሄዶ «ምን ሆነሃል?» እንዲለው ግን ማንም ሊያስገድደው አይችልም። ያን በግእዝ ቍጥር የጻፈውን ልጅ ከመሣቅ የጠበቀችው የቅጽበት ትዕግሥት በየትኛው የደመወዝ መዝገብ ትጻፋለች? እንግዲህ ደመወዝ የሚከፍለው የሥራውን ጊዜ ነው፤ ትዕግሥቱና ፍቅሩ ሳይከፈሉ ይቀራሉ። ዕዳ የምንለውም ይህንኑ የቀረውን ነው።

ከዚህም ጋር ሌላ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። ምስጋና የእንጀራ ምትክ አይደለም። «መምህርነት ክቡር ሙያ ነው» እያሉ ማመስገን፥ መምህሩ ግን የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት ሲጨነቅ ዝም ብሎ ማየት፥ ለተራበ ሰው «ጥገብ» ብሎ እንደ ማሰናበት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በማስተማር የሚደክሙት እጥፍ ክብር እንደሚገባቸው ሲጽፍ፥ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ክብር ለኑሮ የሚያስፈልገውን መስጠት ነው ሲል ተርጕሞታል። ለገላትያ ሰዎችም ቃሉን የሚማር ሰው ከሚያስተምረው ጋር መልካሙን ነገር ሁሉ እንዲካፈል አዝዟል። በአገራችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን በሆነው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ በትግራይ መምህራን ለብዙ ወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቈይተዋል። ከእነርሱ ወደ ፈረሰው ክፍል ተመልሰው፥ ወንበር በሌለበት ልጆቹን በድንጋይ ላይ አስቀምጠው ያስተማሩ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ባዶ ቃል ብናቀርብላቸው ዕዳችንን ጨመርን እንጂ አልከፈልንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መምህር ሁሉ ደግ አይደለም፤ ሰነፉም፥ ጨካኙም አለ» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። እኛም በተማርንባቸው ቤቶች የአለንጋውን ነገር እናውቃለን። ከአንድ ጉባኤ ቤት የወጣነው ቅኔው ከብዶን ሳይሆን ዱላው ከብዶን ነው። በፍርሃት ከትምህርት የራቁ፥ ከእኛ የተሻለ አእምሮ የነበራቸው ልጆችን እናስታውሳለን። ስለዚህ መምህርን ማክበር ጥፋቱን መሸፈን እንዳይመስለን። ሐዋርያው ያዕቆብ ብዙዎች መምህራን ለመሆን እንዳይቸኵሉ የመከረው፥ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚጠብቃቸው ፍርድ የጠነከረ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን የክፉው መምህር ጥፋት የመልካሙን ዕዳ አይሰርዝም። እንዲያውም ጨካኝ መምህርን ያየ ሰው የታጋሹን ዋጋ ይበልጥ ያውቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ምስጋና መምህሩን ያስታብየዋል፤ ዋጋውን ከእግዚአብሔር ይጠብቅ» የሚል ነው። መምህሩ ዋጋውን ከእግዚአብሔር መጠበቁ መልካም ነው። ይህ ግን ለመምህሩ የሚሰጥ ምክር ነው እንጂ ለተማሪው የሚሰጥ ምክንያት አይደለም። አበዳሪው «ብትከፍለኝም ባትከፍለኝም እግዚአብሔር ያውቃል» ቢል ትሕትናው የራሱ ነው፤ ተበዳሪው ግን በአበዳሪው ትሕትና ከዕዳው አይድንም።

ዕዳው እንዴት ይከፈላል?

እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ ዕዳ ነው የሚል ሆነ። ዕዳውም ከሌሎች ዕዳዎች ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። ሙሉ በሙሉ ለአበዳሪው ሊመለስ አይችልም። ፊደልን የሰጠን ሰው ፊደልን ከእኛ አይፈልግም። ደግሞም ብዙ ጊዜ እኛ ለመክፈል በደረስንበት ዕድሜ መምህሩ ዐርፏል፤ ወይም እንደ ፊልጶስ ከዐይናችን ተሰውሯል። ስለዚህ ዕዳው በሁለት መንገድ ይከፈላል። በሕይወት ላለው ለራሱ፤ ለሞተው ደግሞ በእርሱ ፈንታ ዛሬ ለሚያስተምረው። መምህራችን በወይራዋ ሥር ያሳዩን ይህን ነበር። የሞቱትን መምህራቸውን ዕዳ ላልተማሩባቸው ለየኔታ ይከፍሉ ነበር።

ወላጆች ሆይ፥ የልጃችሁን መምህር ስም ታውቃላችሁን? ብዙዎቻችን ወደ ትምህርት ቤት የምንሄደው ለክስ ነው። ክስ ሳይኖር አንድ ቀን ሂዱ። «ልጄ ትናንት አንብቦ አሳየኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በሉ። ከዚህም ይልቅ በልጃችሁ ፊት መምህሩን አትናቁ። በቤቱ የተናቀ መምህር በክፍሉ ሊከበር አይችልምና።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ ወደ አጥቢያችን የተመደበው መምህር ብዙ ጊዜ እንግዳ ነው። ቤተ ሰቡ ሩቅ ነው፤ ሲታመም የሚጠይቀው የለውም። ቤት ፈልጉለት፤ በሰንበቴው ጠርታችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፤ የማኅበሩ ጽዋ ሲደርስ አትርሱት። ምናልባት ሃይማኖቱ ከእኛ የተለየ ይሆናል። ልጆቻችንን እስካስተማረ ድረስ ዕዳው ያው ነው፤ ከለምጻሞቹ መካከል ለምስጋና የተመለሰው ባዕዱ እንደ ነበረ አንርሳ። ደግሞም በየደብራችን የሚያስተምሩት የኔታዎች ዛሬም በልመናና በጥቂት እህል ይኖራሉ። የከተማ አድባራት የሕንፃ ገንዘብ ሲሰበስቡ፥ የጉባኤ ቤቱ መምህር ቀለብ ከሒሳቡ ውስጥ ገብቶ እንደ ሆነ ይመልከቱ።

ተማሪ የነበርን ሁላችንም፥ ያስተማሩንን መምህራን አንድ በአንድ በስማቸው እናስብ። በሕይወት ያሉትን እንፈልግ። በውጭ አገር የምንኖርም ብንሆን ስልክ ለመደወል የሚያንስ አቅም የለንም። የሞቱትን በቅዳሴ ስማቸውን እናስጠራ። ዓለም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ጥቅምት 5፥ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 25 ቀን ገደማ፥ የመምህራንን ቀን ያከብራል። ቀን መወሰኑ መልካም ነው፤ የታመመ መምህርን ለመጠየቅ ግን መስከረምን መጠበቅ አያስፈልግም። «ለበዓል እንጠይቃቸዋለን» ያልነው እኛ ምን እንደ ደረሰብን አይታችኋል።

መምህራን ሆይ፥ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱ መምህር ብለው በጠሩት በዚያች ሌሊት በመታጠቢያ ውኃ ጨምሮ እግራቸውን አጠበ። ያጠበውም የሚክደውንና የሚሸጠውን ጭምር ነው። የምትደክሙላቸው ልጆች ነገ ይረሷችሁ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ልጅ በሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲሣቅበት እናንተ ሳትሥቁ የቀራችሁባት ቅጽበት፥ እናንተ ብትረሷትም ከእግዚአብሔር መዝገብ አትፋቅም።

ከ40 ቀን መታሰቢያው በኋላ እኒያን እናት ለመጠየቅ ሄድን። ግማሽ ኪሎ ቡና በወረቀት ጠቅልለን ይዘን ነበር። ስለ ቡናው ምንም አልነገርናቸውም። እርሳቸው ግን ወረቀቱን ባዩ ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልክ እሳቸው ለየኔታ እንደሚይዙት» አሉን። ጣራውም ከተማሪዎቹ በተሰበሰበ ገንዘብ ታደሰ፤ በታደሰው ጣራ ሥር ያልተኙት መምህራችን ብቻ ናቸው። ዘግይተን ነበር። ይህን የጻፍነውም ያልዘገየ ሰው ካለ ዛሬውኑ እንዲነሣ ነው።

መምህረ ትሕትና ጌታችን ያስተማሩንን አባቶችና እናቶች ድካማቸውን ይቍጠርላቸው፤ ያረፉትን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ በሕይወት ያሉትን በጤናና በጸጋ ይጠብቅልን፤ እኛንም ዕዳችንን አውቀን በጊዜው የምንከፍል ያድርገን። አሜን።